ጭቃ ቤት ሲናወጥ፦ በሳይንስ ክበባችን የተካሄደ የመሬት መንቀጥቀጥ ሙከራ

ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2024) መጨረሻ ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በምናካሂደው የሳይንስ ክበብ ስለ ሙቀት ስናስተምር አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። ጥያቄዋ ከትምህርቱ ጋር የተያያዘ መስሎን ነበር።

«ቲቸር፣ እናቴ ከመተሐራ ደውላ ነበር። መሬቱ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይነቃነቃል አለችኝ። ቤት ውስጥ ትደር ወይስ ሜዳ?»

ክበቡን የምንመራው ሁለት መምህራን ነን። ተያየን። ሁለታችንም 12ኛ ክፍልን ጨርሰን ጠመኔ የያዝን እንጂ መሐንዲሶች አይደለንም። ልጅቷ ግን መልስ ትጠብቃለች፤ እናትየዋም በስልኩ ማዶ ትጠብቃለች። «ለሚቀጥለው ቅዳሜ አጥንተን እንመጣለን፤ እስከዚያ ግን እማማ ውጪ ይደሩ» ብለን ሸኘናት። ከዚያ በኋላ ባሉት ሰባት ቅዳሜዎች ያጠናነውን፣ የሠራነውንና ያበላሸነውን በዚህ ጽሑፍ ለአንባብያን እናካፍላለን። በየብሎካችሁ ክበብ ያላችሁ መምህራን ሁሉ ልትደግሙት ትችላላችሁ፤ የሚያስፈልገው ዕቃ በሙሉ ከካምፑ ውስጥ የሚገኝ ነው።

መሬቱ ለምን ይንቀጠቀጣል?

የምድር ቅርፊት አንድ ወጥ አይደለም፤ እንደ ተሰበረ ገል የተከፋፈለ ነው። የእኛ አካባቢ ደግሞ ክፍፍሉ ገና ያልተጨረሰበት ስፍራ ነው። ከአፋር ተነሥቶ አዋሽን፣ ዝዋይን፣ ላንጋኖን፣ አባያን አልፎ በቱርካና ሐይቅ በኩል ወደ ኬንያ የሚዘልቀው ስምጥ ሸለቆ መሬቱ ለሁለት የሚለያይበት መስመር ነው። የሚለያየው በዓመት ከአንድ ሴንቲ ሜትር ባነሰ ፍጥነት ነው። ጣት የማይሞላ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ዓለቱ ለዓመታት እየተወጠረ ቆይቶ በድንገት ሲላቀቅ የተጠራቀመው ኃይል በሴኮንዶች ውስጥ ይወጣል። አንዳንዴም ከሥር ቀልጦ የሚወጣው ዓለት እንደ ሽብልቅ ገብቶ መሬቱን ይሰነጥቀዋል። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. መስከረም 2005) በአፋር ዳባሁ በተባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የተከፈተው በዚህ ምክንያት ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ለወራት የተከታተለው መንቀጥቀጥም የዚሁ ዓይነት ነበር። መጠናቸው ከ5 በላይ የሆኑ ብዙዎች ነበሩ፤ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነሥቷል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በነሐሴ 1898 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1906) ከላንጋኖ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን አስደንግጧል። በግንቦት 1953 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1961) በካራ ቆሬ የደረሰው የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ የደሴን መንገድም አበላሽቷል። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1969) የአፋሯ ሰርዶ ወደመች። ጎረቤቶቻችንም አልቀረላቸውም፤ በኬንያ ሱቡኪያ እ.ኤ.አ. በ1928፣ በደቡብ ሱዳን ጁባ አካባቢ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1990 ከባድ መንቀጥቀጥ ደርሷል። የጁባው መጠኑ ከ7 በላይ ነበር። ይህን ስንናገር ከክበባችን አንድ የደቡብ ሱዳን ልጅ አያቱ ስለዚያ ቀን ሲያወሩ መስማቱን ተናገረ፤ ያልጠበቅነው ድጋፍ ነበር።

ሰው የሚሞተው በመሬቱ አይደለም

መጀመሪያ ልጆቹን «መሬት ሲንቀጠቀጥ ሰው በምን ይሞታል?» ብለን ጠየቅናቸው። አብዛኞቹ «መሬት ተከፍቶ ይውጠዋል» አሉ። ይህ የፊልም ወሬ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው በሰው እጅ የተሠራው ቤት ነው። ሜዳ ላይ የተኛ እረኛ ይነቃል፤ ይደነግጣል፤ ተመልሶ ይተኛል።

ቤት የሚሠራው ክብደትን ወደ ታች ለመሸከም ነው። ግድግዳ ጣሪያን፣ መሠረት ግድግዳን ይሸከማል። መሬት ሲንቀጠቀጥ ግን ኃይሉ ወደ ጎን ይመጣል። ይህን ለማሳየት አንድ ልጅ ካርቶን ላይ አቆምንና ካርቶኑን በድንገት ሳብነው። እግሩ ሄደ፤ ራሱ ቀረ፤ በቂጡ ተቀመጠ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ ሆኖም ትምህርቱ ያ ነው። ማንኛውም ክብደት ያለው ነገር ባለበት መቆየት ይወዳል፤ መጻሕፍት ኢነርሺያ የሚሉት ይህንን ነው። መሠረቱ ከመሬቱ ጋር ሲሄድ ጣሪያው ባለበት መቅረት ይፈልጋል፤ በመካከል ያለው ግድግዳ ይቀደዳል። ክብደቱ በጨመረ ቁጥር ጸቡም ይጨምራል።

የሚያናውጥ ገበታ

ለሙከራው ሁለት ሳንቃ ወሰድን። የታችኛውን መሬት ላይ አድርገን በድንጋይ አጸናነው። በላዩ 12 ብይ በትነን የላይኛውን ሳንቃ አስቀመጥንበት፤ ብዮቹ እንደ መንኮራኩር ያንከባልሉታል። ሳንቃው ሲሳብ ተመልሶ እንዲመጣ የብስክሌት የውስጥ ጎማ በስሱ ቀደን በግራና በቀኝ አሰርንለት። ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዳይሄድም በሁለቱም በኩል ሚስማር መትተን ገደብን። ብዮቹን ያበደሩን የ3ኛ ክፍል ልጆች ናቸው፤ ሁለቱ ጠፍተውብን እስካሁን ባለ ዕዳ ነን።

የሚያናውጠው የአንድ ተማሪ እጅ ነው። እጅ ደግሞ አይታመንም፤ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል። መላውን ያመጣች አንዲት ልጅ ናት፤ ባዶ ጀሪካን እንደ ከበሮ ትመታለች፣ ጓደኛዋ ሰዓት እያየ ይቆጥርላታል፣ የሚያናውጠው ልጅ ምቷን ይከተላል። በሴኮንድ 1 ምት፣ በሴኮንድ 2 ምት፣ በሴኮንድ 3 ምት፤ እያንዳንዱ ለ30 ሴኮንድ። በአንድ ምት ሳንቃው አንዴ ሄዶ ይመለሳል።

ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ስሌቱን እነሆ። ሳንቃው ከመካከል ወደ እያንዳንዱ ጎን 1 ሴ.ሜ ይሄዳል እንበል። ከፍተኛው አክሰለሬሽን የሚገኘው በሴኮንድ ያለውን ምት በ6.28 አባዝቶ፣ ውጤቱን በራሱ አባዝቶ፣ በ0.01 ሜትር በማባዛት ነው። በሴኮንድ 1 ምት 0.39 ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር፤ በ2 ምት 1.58፤ በ3 ምት 3.55 ይሆናል። ምቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ መሆኑን ልብ በሉ። ልጆቹ ይህን ከቁጥሩ ይልቅ ጀሪካኑ ሲፋጠን ከሞዴሉ መፍረስ ነው የተረዱት።

አሁን ይህን ወደ እውነተኛ ግድግዳ እናምጣው። 4 ሜትር ርዝመት፣ 2.2 ሜትር ቁመት፣ 20 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው የጭቃ ጡብ ግድግዳ 2800 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በ1.58 ሲባዛ 4400 ኒውተን፣ ማለትም የ450 ኪሎ ክብደት ያህል ኃይል ወደ ጎን ይገፋዋል። ዘጠኝ የ50 ኪሎ ማሽላ ጆንያ ማለት ነው፤ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን፣ ያውም እየተመላለሰ።

የመጀመሪያው ቤት፦ ጡብ በጡብ ላይ

እዚህ ካምፕ ውስጥ የብዙዎቻችን ቤት ከጭቃ ጡብ የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሞዴል የራሳችን ቤት ሆነ። ጡቡን በክብሪት ቀፎ ቀረጽነው፤ አራት የተማሪ ቡድኖች ከ200 በላይ ጡብ አወጡ፤ አንድ ሳምንት ፀሐይ ላይ ደረቀ። ቤቱ 30 ሴ.ሜ በ20 ሴ.ሜ፣ ቁመቱ 16 ሴ.ሜ ነው። ጡቡን በጠርዙ እያቆምን ስለ ደረደርነው ግድግዳው 1.3 ሴ.ሜ ይወፍራል፤ አሥራ አምስት ጊዜ ቢያድግ የ20 ሴ.ሜ ግድግዳ ይሆናል። በር በረጅሙ ግድግዳ፣ መስኮት በአጭሩ። ጣሪያውን ከዘይት ቆርቆሮ ቆርጠን አለበስነው።

ከዚያ አንድ ልጅ ሳይታዘዝ አምስት ጠጠር አምጥቶ ጣሪያው ላይ አስቀመጠ። «ይህ ምንድን ነው?» አልነው። «ቲቸር፣ ድንጋይ የሌለበት ጣሪያ የት አለ? ነፋሱ ይወስደዋል» አለን። እውነቱን ነው። በብሎካችን ከመቶ ጣሪያ ድንጋይ ያልተጫነበትን ብንፈልግ አናገኝም። ጠጠሮቹ እንዲቆዩ ተስማማን።

በሴኮንድ 1 ምት ግድግዳው ምንም አልሆነም። ጠጠሮቹ ግን መንሸራተት ጀመሩ፤ ሁለቱ ወደቁ፤ አንደኛው የወደቀው በበሩ ፊት ነበር። እኛ መምህራኑ ያልጠበቅነው የመጀመሪያው ውጤት ይህ ነው። ቤቱ ሳይሰነጠቅ፣ ሰው ደንግጦ በሚወጣበት በር ላይ ድንጋይ ወረደ። በእውነተኛው ቤት ያ ድንጋይ አራት አምስት ኪሎ ነው፤ ከሥሩ የሚያልፈው ደግሞ ልጅ ያዘለች እናት ልትሆን ትችላለች። በዚያች ቅዳሜ ማታ ከመካከላችን አንዱ የራሱን ጣሪያ በባትሪ ብርሃን ሲመለከት ጎረቤት ሌባ መስሎት ጮኋል።

በሴኮንድ 2 ምት፣ ስምንት ሴኮንድ ገደማ ላይ ሁለቱ ግድግዳዎች በሚገናኙበት ማዕዘን ስንጥቅ ታየ። ስንጥቁ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ወረደ። ማዕዘኑ ሲለያይ ረጅሙ ግድግዳ የሚይዘው አጣ፤ ወደ ውጪ ዘንበል አለና እንዳለ ወደቀ። ጣሪያው ተከተለው። 3 ምት አላስፈለገም።

ልጆቹ ደጋግመው እንዲያዩት የምንፈልገው ይህንን ቅደም ተከተል ነው። ግድግዳው የወደቀው ጡቡ ደካማ ስለ ነበረ አይደለም፤ የወደቁትን ጡቦች ስናነሣቸው አብዛኞቹ ሙሉ ናቸው። የወደቀው ግድግዳዎቹ እርስ በርስ ስላልተያያዙ ነው። አራት ግድግዳ ቆመው ነበር እንጂ አንድ ቤት አልነበረም።

ሁለተኛው ቤት፦ ቀበቶ የታጠቀ

የሁለተኛው ቡድን ሥራ ያንኑ ቤት ማያያዝ ነበር። ከዘይት ቆርቆሮ ስስ ጥፍጥፍ ቆርጠው፣ በበሩ ጉበን ከፍታና በግድግዳው ጫፍ ላይ ዙሪያውን አሰሩለት፤ በማዕዘኖቹ ላይ ጥፍጥፉን ሳይቆርጡ አጠፉት። ጣሪያውን ከላይኛው ቀበቶ ጋር በሽቦ አሰሩ። በትልቁ ቤት ይህንን ሥራ የሚሠራው ዙሪያውን የሚዞር የእንጨት ወይም የብረትና የሲሚንቶ ቢም ነው።

ሙከራው በጣም ተሳካ፤ እኛም ደስ አለን፤ ውጤቱንም ሰሌዳ ላይ ጻፍን። ኋላ ግን አንዲት ዝምተኛ ተማሪ ተነሥታ «የእነሱ ጭቃ ጭድ አለበት፤ ደግሞም አራት ቀን ጨምሮ ደርቋል። በቀበቶው ነው ወይስ በጭዱ የቆመው?» አለች። እውነት ነው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ቀይረን የአንዱን ስም ጽፈን ነበር። ውጤቱን ከሰሌዳው አጠፋን። ሁለት ሳምንት አባክነን በተመሳሳይ ጭቃ፣ በተመሳሳይ ቀን በደረቀ ጡብ እንደገና ሠራን። መምህር ሆኖ በተማሪ መታረም ትንሽ ይቆጠቁጣል፤ ግን ከሰባቱ ቅዳሜዎች የሳይንስ ትምህርት የሚባለው ምናልባት ያ ቀን ብቻ ነው።

በተስተካከለው ሙከራ ባለ ቀበቶው ቤት በ2 ምት ተሰነጠቀ፤ ግን አልወደቀም። በ3 ምት ከመስኮቱ ሥር ያሉ ጡቦች ረገፉ፤ ግድግዳው ተቦጫጨረ፤ ቢሆንም ጣሪያው እስከ 30ኛው ሴኮንድ አልወረደም። ቤቱ ከዚያ በኋላ አይኖርበትም። ሰው ግን ይወጣበታል። መሐንዲሶችም ከቤት የሚጠይቁት በዋናነት ይህንን እንደ ሆነ አንብበናል፤ ቤቱ ይጎዳ፣ ሰው ላይ ግን አይውረድ።

ሦስተኛው ቤት፦ የአናጢው

ለሦስተኛው ሞዴል እርዳታ ጠየቅን። በብሎካችን የሚኖሩ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አረጋዊ አናጢ አሉ። ትውልዳቸው ከካራ ቆሬ ብዙም አይርቅም፤ በ1953ቱ መንቀጥቀጥ የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። መጥተው በጀሪካን ላይ ተቀመጡና የፈረሰውን የጡብ ቤት አይተው «ይኼ ቤት ማገር የለውም፤ ምን ይዞት ይቆማል?» አሉ።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ ምን ያስታውሳሉ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ውሻ መጮኹን። ከዚያ ድንጋይ ቤቱ ዘጭ ሲል። የእኛ ጭቃ ቤት እንደ ዘንቢል ተወዛወዘ፤ ልስኑ ላያችን ላይ ረገፈ፤ ቤቱ ግን ቆመ። አባቴ ግን አላመነውም፤ ስንት ሌሊት እርሻ ውስጥ አደርን።»

ከዚያ ልጆቹን ሠርተው አሳዩ። ቋሚዎቹን ዙሪያውን ተከሉ፤ ማገሩን ከውስጥና ከውጪ አጋድመው በቃጫ አሰሩ። ሚስማር ቢኖርም አልፈለጉም፤ «ሚስማር ይነቀላል፤ እስር ይላላል እንጂ አይለቅም» አሉ። ከዚያ በጭድ የተቦካ ጭቃ ተመረገ። ማድረቅ ላይ እንጂ ሥራው ላይ ብዙ ጊዜ አልወሰደም።

በ3 ምት ሙሉ 30 ሴኮንድ ናጥነው። ልስኑ ረገፈ። ቤቱ እንደ ተናገሩት እንደ ዘንቢል ተወዛወዘ፤ ቆመም። ምክንያቱ ሦስት ነው። ከጡቡ ቤት ይቀላል፤ ሲገፉት ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም፤ ማገሩ አራቱንም ግድግዳ ዙሪያውን አስሯል፤ ቀበቶው ከመጀመሪያው አለበት። አያቶቻችን ያለ ሰሌዳና ያለ ስሌት ደርሰውበታል።

ልጆቹ አጨበጨቡ። ጋሼ ግን አላጨበጨቡም። መጋዝ አምጡ አሉ። የሦስት ቋሚዎችን እግር እስከ ግማሽ ድረስ ቆረጡና «አሁን ምስጥ የበላው ቤት ነው፤ ናጡት» አሉ። በ2 ምት ቤቱ በአንድ ወገን ተኛ። ማገሩም ልስኑም እንዳለ ነው፤ እግሩ ብቻ ከዳው። ስለዚህ ጭቃ ቤት ያለው ሰው የቋሚውን እግር፣ በተለይ ከመሬት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ፣ በቢላ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጎ ይመርምር። ቢላው ያለ ችግር ከገባ ቋሚው ይቀየር። ሲተከልም እግሩን በተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት፣ ዙሪያውን ውኃ እንዳያቁር በድንጋይ መደልደል ይጠቅማል።

ሦስት ማዕዘንና የታችኛው ፎቅ

ፎቅ ቤት ካምፓችን ውስጥ የለም፤ ዘመዶቻችን ግን አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ናይሮቢ ፎቅ ሥር ነው ያሉት። ስለዚህ አንድ ቡድን ከካርቶን ዘንግና ከስፒል ባለ አምስት ፎቅ አጽም ሠራ። አስቀድሞ ግን ማንም በሁለት ደቂቃ የሚሠራው ነገር አለ፤ አራት ዘንግ በአራት ስፒል አያይዛችሁ ማዕዘኑን ግፉት፤ አራት ማዕዘኑ ይንጋደዳል። ሦስት ዘንግ በሦስት ስፒል አያይዛችሁ ግፉት፤ ዘንጉ ካልተሰበረ በቀር አይነቃነቅም። አራት ማዕዘኑን ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ዘንግ ብታስሩት ሁለት ሦስት ማዕዘን ይሆናል፤ ይጸናልም።

ሰያፍ የሌለው ፎቅ በ1 ምት ተንጋደደ። ሰያፍ የታሰረለት በ3 ምት ቆመ። ከዚያ የታችኛውን ፎቅ ሰያፍ ብቻ አወጣንለት፤ ሱቅና መኪና ማቆሚያ እንዲሆን ግድግዳው የተነሣለት ሕንፃ ማለት ነው። አራቱ ፎቆች ምንም ሳይሆኑ የታችኛው ተደፍጥጦ ሁሉም በአንድነት ወረዱ። የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ የሚናገር የራሱ ክፍል በ1987 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1995) ወጥቶለታል፤ በኋላም ተሻሽሏል። ደንቡ ስለ እንደዚህ ያለ ሕንፃ የሚጨነቀው በከንቱ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ሦስት ቀጫጭን ዘንጎችን፣ አጭር፣ መካከለኛና ረጅም አድርገን ሳንቃው ላይ ተከልን፤ በየጫፋቸው እኩል የጭቃ ኳስ ሰካን። ጀሪካኑ ቀስ ሲል ረጅሙ ብቻ በኃይል ተወዛወዘ፤ ሲፋጠን ረጅሙ ተረጋጋና አጭሩ ተነሣ። ማንኛውም ቤት የራሱ ምት አለው፤ የመሬቱ ምት ከእሱ ጋር ሲገጥም መወዛወዙ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ልጅን ዥዋዥዌ ላይ በልኩ እየጠበቁ እንደ መግፋት ነው፤ ሬዞናንስ ይሉታል። እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1985 ሜክሲኮ ከተማን የመታው መንቀጥቀጥ የተነሣው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው። ከተማዋ ግን በደረቀ ሐይቅ ለስላሳ አፈር ላይ የተሠራች ስለ ሆነች፣ አፈሩ በሁለት ሴኮንድ አንድ ጊዜ ያህል ተወዛወዘ፤ ከስድስት እስከ አሥራ አምስት ፎቅ ያላቸው ሕንፃዎች ይበልጥ ተጎዱ፤ ብዙ አጫጭር ቤቶች ግን ተረፉ።

ሞዴሉ የማይነግረን

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ሞዴላችን ከእውነተኛው ቤት 15 ጊዜ ያንሳል። ክብደቱ ግን 15 ጊዜ ብቻ አይደለም የሚያንሰው፤ ርዝመቱም ወርዱም ቁመቱም ስለሚያንሱ 3375 ጊዜ ያንሳል። ክብደቱን የሚሸከመው የግድግዳ ስፋት የሚያንሰው ደግሞ 225 ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ትንሹ ቤት ከትልቁ 15 ጊዜ የቀለለ ሸክም አለበት። ጉንዳን ከራሷ በላይ የምትሸከመው፣ ዝሆን ግን የማይዘለው በዚህ ምክንያት ነው። በመሆኑም «ሞዴሌ ቆሟልና ቤቴም ይቆማል» ማለት ስሕተት ነው። ሞዴል የሚጠቅመው ለማወዳደር ነው፤ የቱ ቀድሞ ይወድቃል? ከየት ይጀምራል? እኛም ከዚህ ያለፈ አንልም።

ለእናትየዋ የተላከው መልስ

ልጅቷ ለእናቷ የምትነግረውን በሦስተኛው ቅዳሜ ከክፍሉ ጋር ሆነን ጻፍን። የስልክ ካርድ ውድ ስለ ሆነ አጭር መሆን ነበረበት። ጣሪያው ላይ ያለው ድንጋይ ዛሬውኑ ይውረድ፤ ቆርቆሮው ከግድግዳው እንጨት ጋር በሽቦ ይታሰር። አልጋው ከረጅሙ ግድግዳ ሥር ይነሣ፤ ከራስጌ በላይ እንስራም ሆነ ሣጥን አይቀመጥ። በሩ በሌሊት በዕቃ አይዘጋ። መንቀጥቀጥ ሲመጣ በሩ ሁለት ሦስት እርምጃ ከሆነ ወጥተው ከግድግዳው ይራቁ፤ ሩቅ ከሆነ ግን ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ወይም ከአልጋው ጎን ተጠግተው ራሳቸውንና አንገታቸውን ይሸፍኑ። ከሁሉ በፊት ደግሞ የቤቱን አራት ማዕዘኖች በውስጥም በውጪም ይመልከቱ፤ ስንጥቅ ካለ መሬቱ እስኪረጋና ቤቱን የሚያውቅ ሰው እስኪያየው ድረስ ውስጡ አይደርበትም።

በጥር እናትየዋ ደወሉ። ድንጋዩ ወርዷል፤ ጎረቤቶችም አውርደዋል። በምሥራቁ ማዕዘን ግን ከላይ ጀምሮ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አለ፤ በጭቃ ልድፈነው ወይ? ብለው ጠየቁ። በጭቃ የተደፈነ ስንጥቅ ዓይንን እንጂ ግድግዳን አያያይዝም ብለን ነግረናቸዋል፤ ውጪ እያደሩ ነው። ይሁን እንጂ ክረምት ሲመጣ ውጪ አይታደርም።

ስለዚህ አምስተኛው ሞዴል የተሰነጠቀ ማዕዘን ነው። አንዱን ቤት በ2 ምት ሰንጥቀን አቁመነዋል። ግማሹ ክፍል ማዕዘኑን በስቶ በሽቦ መስፋት፣ ግማሹ ደግሞ ከውጪ ቋሚ ተክሎ በማገር ማቀፍ ይሻላል ይላል። ጋሼ ከማገሩ ወገን ናቸው፤ ዝምተኛዋ ተማሪያችን ደግሞ ጡቡ በአንድ ቀን መድረቁን እያረጋገጠች ነው።

የሚያናውጠውን እጅ በመዘውር ለመተካት የተሰበረ ብስክሌት እንፈልጋለን። ያላችሁ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ወደ ክበቡ ብታመጡልን ደስ ይለናል። ሁለት ብይ ያገኘ ካለም ለ3ኛ ክፍል ልጆች ቢመልስልን ከዕዳ እንወጣለን።